ፈጥኖ የሚማር ሕፃን፦ መመዘኛው፣ ትምህርት ቤቱና የሰበካው አደራ

ለሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ የጥናት ትምህርት



ይህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ደን ልማትና ስለ እናቶች ጤና ይናገራል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከእነዚህ የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ከአጥቢያችን ቅጽር ግን የራቀ አይደለም። በየሰበካው ወላጅ ያጣውን፣ አካሉ የተጎዳውን፣ የዕለት ጉርስ የጎደለውን ሕፃን ለይተን መርዳት ለምደናል፤ የሚያስመሰግንም ሥራ ነው። ከእኩዮቹ እጅግ ቀድሞ የሚማረውን ሕፃን ግን «እርሱማ ምን ጎድሎት?» ብለን እናልፈዋለን። ይህ አነጋገር ምን ያህል እንደሚያሳስት የተማርነው ከራሳችን ስሕተት ስለሆነ ትምህርቱን ከዚያው እንጀምራለን።

፩. የአንዲት ሕፃን ታሪክ

ከምንሠራባቸው ወረዳዎች በአንዱ፣ በአንዲት የገጠር ደብር የምትኖር የሰባት ዓመት ሕፃን ነበረች። ክብሯን ለመጠበቅ ስሟንም ደብሯንም አንጠቅስም። አያቷ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ፊደል የሚያስቆጥሩ የኔታ ናቸው። ሕፃኗ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ከተማሪዎቹ ዳር እየተቀመጠች በአምስት ዓመቷ ፊደሉን ለየች። በስድስት ዓመቷ መልእክተ ዮሐንስን አልፋ ወንጌለ ዮሐንስን ታነብ ነበር፤ ሰባት ሲሞላት ዳዊት ጀመረች። እናቷ ቅቤና እንቁላል ለገበያ ሲያወጡ ሒሳቡን የምትይዘው እርሷ ነበረች። ገዢ ቢያሳስት ወዲያው «እማዬ፣ ሦስት ብር ይጎድላል» ትላለች።

በዚያው ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ገባች። መምህርቷ ከሰባ የሚበልጡ ሕፃናት ይዘው ትምህርቱን ከሀ ሁ ጀመሩ፤ መጀመርም ነበረባቸው። በመጀመሪያው ወር ሕፃኗ ጥያቄው ሳያልቅ ትመልስ ነበር። በሁለተኛው ወር «ሌሎቹም ይመልሱ፣ አንቺ ዝም በይ» ተባለች። በሦስተኛው ወር የጓደኞቿን እርሳስ መደበቅ፣ ከክፍል ሾልኮ መውጣት፣ ዴስክ ላይ ተደፍቶ መተኛት አመጣች። በመዝገቧም ላይ «ረባሽ፤ ትኩረት የላትም» ተብሎ ተጻፈ። ከጥምቀት በዓል በኋላ ጭራሽ «አልሄድም» አለች። እናቷ «ዓይን በልቷት ነው» ብለው በየጠበሉ ይዘዋት ዞሩ። አባቷ ደግሞ «ይህን ያህል ካወቀች ምን ቀራት? ቤት ትቀመጥና እናቷን ታግዝ» አሉ። እንግዲህ አንዲት ልጅ በሰባት ዓመቷ ከትምህርት ገበታ ልትለይ ጥቂት ቀርቷት ነበር።

የደብሩ አስተዳዳሪ ጉዳዩን ወደ እኛ ባመጡት ጊዜ በቅን ልቡና ፈጣን መስሎ የታየንን መፍትሔ መረጥን፤ ሕፃኗ በከተማ የማሰብ ችሎታ መመዘኛ እንድትፈተን አደረግን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ፣ ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ፣ ቁርስ በቅጡ ሳትቀምስ፣ ፈጽሞ ከማታውቀው ሰው ፊት ተቀመጠች። ጥያቄዎቹ ለሌላ አገር ሕፃናት ከተዘጋጀ መመዘኛ ተተርጉመው የቀረቡ ነበሩ፤ ከሥዕሎቹም መካከል በዓይኗ አይታቸው የማታውቃቸው ዕቃዎች ነበሩበት። የታላቅን ፊት ትኩር ብላ እንዳታይ፣ ያላረጋገጠችውንም እንዳትናገር ተመክራ ያደገች ልጅ በመሆኗ አብዛኛውን ጊዜ በዝምታ አሳለፈችው። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር 104 ነበር። ርእሰ መምህሩ አይተው «መካከለኛ ናት፤ ችግሩ የአስተዳደግ ነው» አሉ፤ ጉዳዩም ተዘጋ። ለሕፃኗ መከላከያ ይሆናል ብለን የያዝነው ወረቀት መከሰሻዋ ሆኖ ተመለሰ። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ስለ መመዘኛው ምንነት ሳንጠይቅ ቁጥሩን ብቻ ፈልገን ነበርና።

፪. መመዘኛው ከየት መጣ?

በ1904 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ መንግሥት በመደበኛው ክፍል ትምህርት መከታተል ያቃታቸውን ሕፃናት ጉዳይ የሚያጠና ጉባኤ አቋቋመ። የጉባኤው አባል የነበረው የሥነ ልቡና ሊቅ አልፍሬድ ቢኔ ከሐኪሙ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ በ1905 እ.ኤ.አ. ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩ 30 ተግባራትን የያዘ መመዘኛ አዘጋጀ። ዓላማው ሕፃናትን በደረጃ ለመደርደር አልነበረም። አንድ ሕፃን በመምህር ግምት ብቻ ከክፍል እንዳይገፋ፣ ልዩ እገዛ የሚያስፈልገውም ተለይቶ እንዲረዳ ነበር። ቢኔ የሰው የማሰብ ችሎታ በአንድ ቁጥር ተወስኖ ለዘለዓለም የሚኖር ነው የሚለውን አስተሳሰብ ተቃውሟል፤ በትምህርትና በልምምድ እንደሚያድግም አስተምሯል።

ቢኔ በ1911 እ.ኤ.አ. ካረፈ በኋላ ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1912 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ዊልያም ሽተርን ሕፃኑ በፈተና ያሳየውን የአእምሮ ዕድሜ በትክክለኛ ዕድሜው የማካፈልን ሐሳብ አመጣ። በ1916 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ሉዊስ ተርማን መመዘኛውን ለአገሩ ሕፃናት አስተካክሎ ሲያወጣ ውጤቱን በ100 ማባዛትን ተጠቀመ። «አይ ኪው» የሚባለው ቁጥር በዚህ መልክ ተስፋፋ። ለምሳሌ የ6 ዓመቱ ሕፃን የ9 ዓመት ልጆች የሚሠሩትን ቢሠራ 9 ለ6 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 150 ይሆናል ማለት ነው። ዛሬ ስሌቱ ተለውጧል። ዴቪድ ዌክስለር በ1949 እ.ኤ.አ. ለልጆች እንዳዘጋጀው ባሉ መመዘኛዎች ሕፃኑ የሚነጻጸረው ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ነው። የእኩዮቹ አማካይ 100 ተብሎ ይወሰዳል። ከመቶ ሕፃናት 68 ያህሉ በ85 እና በ115 መካከል ይውላሉ፤ 130 ወይም ከዚያ በላይ የሚደርሱት ከመቶ ሁለት ያህል ናቸው።

መሣሪያው ከዓላማው ሲርቅ ጉዳት ማድረሱም በታሪክ ተመዝግቧል። በ1910ሮቹ እ.ኤ.አ. ሄንሪ ጎዳርድ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በኒው ዮርክ የኤሊስ ደሴት ከመርከብ የወረዱ ደካማ ስደተኞችን በአስተርጓሚ እያስፈተነ ብዙዎቹን «አእምሮ ደካሞች» ብሎ ፈረጃቸው። በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሊፎርኒያ የሚያስችል የፌዴራል ፍርድ ቤት ጥቁር ሕፃናት በእነዚህ መመዘኛዎች እየተለኩ አእምሯቸው ዘገምተኛ ለሆነ ልጆች ወደ ተዘጋጀ ክፍል መላካቸው አድልዎ ነው ሲል ወስኗል። ከደከመች ሕፃን በማታውቀው አነጋገር መልስ መጠበቅ እንግዲህ የእኛ ብቻ ስሕተት አልነበረም፤ ይህ ግን ከተጠያቂነት አያድነንም።

፫. ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፣ ቁጥሩ ንጽጽር ነው። የሜትር ልኬት በየትም አገር አንድ ነው፤ አይ ኪው ግን «ከእነማን ጋር ሲነጻጸር?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። መመዘኛው በሌላ አገር ከተማ ባደጉ ሕፃናት ላይ ተለክቶ ከሆነ የእኛን የገጠር ሕፃን ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ያሯሩጠዋል። ቃል አልባ ሆነው የተዘጋጁት፣ በ1938 እ.ኤ.አ. እንደወጣው የጆን ሬቨን የሥዕል መመዘኛ ያሉትም ቢሆኑ ከኑሮና ከትምህርት ተጽዕኖ ነፃ አይደሉም። ጄምስ ፍሊን የተባሉት ተመራማሪ በብዙ አገሮች የተፈታኞች ውጤት ከትውልድ ትውልድ እየጨመረ መሄዱን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። የአንድ ሕዝብ ተፈጥሮ በአንድ ትውልድ ስለማይለወጥ የተለወጠው አካባቢው ነው።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ነጥብ ሳይሆን ክልል ነው። በጥሩ መመዘኛ እንኳ አምስት ያህል ወደ ላይ፣ አምስት ያህል ወደ ታች መወዛወዝ የተለመደ ነው። ስለዚህ 126 ያመጣ ሕፃን ከ130 ካመጣው ያንሳል ብሎ በር መዝጋት ከመመዘኛው ዐቅም በላይ መፍረድ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሕፃኑ ታናሽ በሆነ መጠን ውጤቱ ለመለዋወጥ የተጋለጠ ነው። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ እንቅልፍ፣ ረኃብ፣ ፍርሃት፣ የፈታኙ ፊት፣ ሁሉም ወደ ውጤቱ ይገባል። በዚህም ምክንያት ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ውጤት «ችሎታ የለም» የሚል ማስረጃ አይሆንም። ከፍ ያለ ውጤት ሲገኝ ግን በአጋጣሚ የሚገኝ ስላልሆነ ልብ ሊባል ይገባዋል።

አራተኛ፣ ጠቅላላው ቁጥር ዝርዝሩን ይሸፍናል። በእነዚህ መመዘኛዎች ውስጥ የቋንቋ፣ ቅርጽን የማስተዋል፣ በቃል የመያዝና የፍጥነት ክፍሎች ይገኛሉ። በቋንቋ እጅግ የላቀ፣ በፍጥነት ግን የዘገየ ሕፃን ሁለቱ ሲደመሩ «መካከለኛ» ይባላል፤ ሁለቱም ፍላጎቶቹ ሳይታዩ ይቀራሉ።

ይህን የሚያስረዱ ሁለት የታወቁ ምሳሌዎች እንጨምር። ተርማን ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ1,500 የሚበልጡ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጆችን መርጦ ለዘመናት ሲከታተል፣ ተፈትነው ሳይመረጡ ከቀሩት መካከል ዊልያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙበት ነበር። ሁለቱም በኋላ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሁለተኛው ምሳሌ ወገኖቻችንን ይመለከታል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆች በሥዕል መመዘኛ ሲፈተኑ መጀመሪያ ያመጡት ውጤት ዝቅተኛ ነበር። ሪዩቨን ፎየርስታይንና ባልደረቦቻቸው ግን በፈተናው አላቆሙም። ለልጆቹ የአሠራሩን ስልት ለአጭር ጊዜ አስተምረው እንደገና ፈተኗቸው፤ ውጤቱም በእጅጉ ከፍ አለ። ከዚህ የምንረዳው «ዛሬ ምን ያውቃል?» ከሚለው ይልቅ «ሲያስተምሩት ምን ያህል ይቀበላል?» የሚለው ጥያቄ ስለ ሕፃኑ የበለጠ እንደሚነግረን ነው።

፬. ቤተ ክርስቲያናችን ከጥንት የምታውቀው

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ለየኔታ አዲስ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤታችን ሕፃን ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚሻገረው ዓመት ስለ ቆጠረ አይደለም፤ የያዘውን ስላወቀ ነው። ግእዝ ንባቡን ያጠራ ወደ ውርድ ንባብ፣ ውርድ ንባቡን ያጠራ ወደ ቁም ንባብ ይሄዳል። የስምንት ዓመቱ ልጅ የዐሥራ ሁለት ዓመቱን ቢቀድመው ማንም አይደነቅም፤ የቀደመው ለኋለኛው ያስቀጽላል እንጂ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ሁሉም በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጦ እያንዳንዱ በየመጠኑ ይማራል። የዘመኑ የትምህርት ሊቃውንት ለፈጣን ሕፃን የሚመክሩት ነገር በብዙ መልኩ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

የማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ ታሪክም ይህንኑ ያጸናልናል። በአክሱም ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርት አልገባ ብሎት፣ ተቀጥቶ፣ ተስፋ ቆርጦ እንደ ሸሸ ይተረካል። በዛፍ ጥላ ሥር ዐርፎ ሳለ ወደ ዛፉ ለመውጣት ደጋግሞ እየወደቀ በመጨረሻ የተሳካለትን ትል አይቶ ተመለሰ፤ ትምህርትም ተገለጠለት። በሸሸበት ቀን መዛኝ ቢመጣ ኖሮ ምን ቁጥር ይጽፍለት ነበር? ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ የምታመሰግንበት ዜማ ከዚያ «አልገባውም» ከተባለ ሕፃን የወጣ ነው።

ነቢዩ ሳሙኤል ገና ብላቴና ሳለ እግዚአብሔር በጠራው ጊዜ ካህኑ ዔሊ የጠራው ማን እንደ ሆነ ወዲያው አላስተዋለም ነበር፤ ያስተዋለው በሦስተኛው ጊዜ ነው (፩ኛ ሳሙ. ምዕ. 3)። ይሁን እንጂ ባስተዋለ ጊዜ ብላቴናውን አልከለከለም፤ እንዴት እንደሚመልስ አስተማረው። ስለሆነም ከአባቶች የሚጠበቀው ከመጀመሪያው አለመሳሳት ብቻ አይደለም፤ ስሕተትን አርሞ መንገድ ማሳየትም ነው። ጌታችንም በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ ከተገኘ በኋላ ወደ ናዝሬት ወርዶ ለቤተሰቡ እየታዘዘ እንዳደገ ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል (ሉቃ. ምዕ. 2)። ዕውቀት፣ ቁመትና ምግባር አብረው እንዲያድጉ ማድረግ የአሳዳጊዎች ድርሻ ነው።

፭. ስለ ሕፃኑ መቆም፦ ሕጉና አካሄዱ

አንዳንድ የሰበካ አባላት «ለጎበዝ ተማሪ መሟገት ቅንጦት አይሆንም ወይ?» ይሉናል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከዓላማዎቹ መካከል አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ ዐቅማቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግን አስፍሮ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ሥራ ሁሉ የሕፃኑ ጥቅም እንዲቀድም ያዝዛል። አገራችን የተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም በአንቀጽ 11 ለሴት ልጆች፣ ልዩ ተሰጥኦ ላላቸውና ለተጎዱ ሕፃናት ልዩ እርምጃ እንዲወሰድ ይደነግጋል። ያቺ ሕፃን በዚህ አንቀጽ በአንድ ጊዜ በሁለት ምክንያት፣ በሴትነቷና በተሰጥኦዋ፣ የተጠቀሰች ናት።

ከስሕተታችን በኋላ የሠራንበትንና አሁን ለሌሎች ሰበካዎች የምንመክረውን አካሄድ በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

1. መጀመሪያ ማየትና መጻፍ። ወላጆች፣ የኔታና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ለአራት ሳምንት ሕፃኑ የሚያነበውን፣ የሚጠይቀውንና የሚያሰላውን ከነቀኑ በአንድ ደብተር ይመዝግቡ። «ጎበዝ ናት» የሚለው ቃል ትምህርት ቤትን አያሳምንም፤ «በዚህ ቀን ያላየችውን አንድ ገጽ አንብባ በራሷ ቃል ተረከችው» የሚለው ያሳምናል።

2. ጤናን ማረጋገጥ። የዓይን፣ የጆሮና የእንቅልፍ ችግር የረባሽነት መልክ ይይዛል። በጤና ጣቢያ ይታይ።

3. በትምህርት ቤቱ በራሱ መለኪያ መመዘን። የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል የዓመቱ መጨረሻ ፈተናዎችን መምህሩ በሚያውቀው ክፍል፣ ሕፃኑ ዐርፎ ባለበት ጠዋት እንዲሰጡት ይጠየቅ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ወዴት ክፍል ሊገባ እንደሚችልም በቀጥታ ያሳያል።

4. በትሕትና መነጋገር። በመጀመሪያ ከክፍሉ መምህር፣ ቀጥሎ ከርእሰ መምህሩ፣ ከዚያም ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጋር፤ ካልተቻለ ወደ ጉድኝት ሱፐርቫይዘሩና ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት። መምህሩን አልፎ ወደ ላይ መክሰስ የሕፃኑን ዕለታዊ ኑሮ ያከፋል። ሰባ ሕፃናት የያዘ መምህር ረዳት እንጂ ተጨማሪ ከሳሽ አያስፈልገውም።

5. የተወሰነ ነገር መጠየቅ። «ልዩ እንክብካቤ ይደረግላት» ማለት ፍሬ የለውም። «ንባብ ከሦስተኛ ክፍል ጋር ትማር፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ አብረን እንገምግም» ማለት ግን ሊፈጸም ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የለቀቀው ሰፊ የጥናት ዘገባ እንዳስረዳው፣ በጥንቃቄ ወደ ፊት እንዲራመዱ የተደረጉ ፈጣን ተማሪዎች በትምህርታቸው ይጠቀማሉ፤ በማኅበራዊ ሕይወታቸውም ብዙዎች እንደሚፈሩት አይጎዱም። በአንድ ትምህርት ብቻ ወደ ፊት መሄድ፣ ሙሉ ክፍል ከማለፍ በፊት ሊሞከር የሚችል ደረጃ ነው።

6. መመዘኛ በመጨረሻ። ትምህርት ቤቱ የባለሙያ ማስረጃ ሲጠይቅ፣ ወይም ሕፃኑ በአንዱ እጅግ ልቆ በሌላው ሲቸገርና የተሰወረ የመማር ችግር ሲጠረጠር የማሰብ ችሎታ መመዘኛ ይጠቅማል። በዚያን ጊዜ ሰበካው አምስት ጥያቄዎች ይጠይቅ፦ ፈታኙ በሙያው የሠለጠነ ነው? ፈተናው በሕፃኑ አፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጣል? ንጽጽሩ ከየት አገር ሕፃናት ጋር ነው? ሕፃኑ አድሮና ዐርፎ ይፈተናል? ዘገባውስ ከጠቅላላ ቁጥር ሌላ የክፍሎቹን ውጤትና የስሕተቱን ክልል ይገልጻል? ለአንዱ እንኳ መልስ ከታጣ ጉዞው ይዘግይ።

፮. የሕፃኗ ጉዳይ እንዴት ሆነ?

አስተዳዳሪውና እኛ ወደ ርእሰ መምህሩ ተመልሰን በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅን፤ ያመጣነው ወረቀት እንዴት እንደ ተገኘ ሳንሸሽግ ነገርናቸው። ከዚያም የአያቷን ደብተር አቀረብን። ርእሰ መምህሩ ደብተሩን ገልጠው ዝም አሉ፤ ቀጥሎም «እንግዲህ እኔው ልያት» አሉ። በማግሥቱ የሦስተኛ ክፍልን የአማርኛ ፈተና፣ ቀጥሎም የሁለተኛ ክፍልን ሒሳብ ሰጧት። ንባቡን ያለ አንዳች ስሕተት፣ ሒሳቡንም ከጥቂቱ በቀር ሠራችው። በሁለተኛው መንፈቅ አማርኛን ከሦስተኛ ክፍል፣ ሒሳብን ከሁለተኛ ክፍል፣ የቀረውን ከእኩዮቿ ጋር እንድትማር ተስማማን። የክፍሏ መምህርትም ለአምስት ዘግይተው ለሚማሩ ሕፃናት ፊደል እንድታስቆጥር አደረጓት፤ በአያቷ ዘንድ ያየችውን ሥርዓት ታውቅ ነበርና ወደደችው።

ሁሉም ነገር ሰምሯል ልንል አንችልም። ከሦስተኛ ክፍል ልጆች አንዳንዶቹ «ጨቅላ» እያሉ አስለቀሷት። ከባድ ሥራ በገጠማት በመጀመሪያው ቀንም ወረቀቷን ቀደደችው፤ ከዚያ በፊት መሳሳትን አታውቀውም ነበርና። ያን ጊዜ የረዷት አያቷ ናቸው። ዳዊት ሲያስነብቧት ሆን ብለው ተሳስተው «እርሚኝ» ይሏት ጀመር። የታላቅ ስሕተት በፍቅር ሲታረም ያየች ልጅ የራሷንም መታገሥ ተማረች። አባቷም ዛሬ በገበያ ቀን ከትምህርት አያስቀሯትም።

፯. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

ቁጥሩ ለሕፃኑ አይነገር፤ በዐውደ ምሕረትም አይታወጅ። ሕፃንን በንግሥ በዓል ለትዕይንት ማቆም ለትዕቢትም ለጭንቀትም በር ይከፍታል። መክሊት የተሰጠው ለአገልግሎት መሆኑን በምግባር እናስተምረው። እኅትና ወንድሞቹ ያነሱ መስለው እንዳይታዩም እንጠንቀቅ።

ብዙ እናቶች ዓይን ይበላዋል ብለው ፈጣኑን ልጃቸውን ይደብቃሉ። አባቶች ካህናት ጸሎቱንና ጠበሉን ሳትከለክሉ፣ የእግዚአብሔርን ስጦታ መሰወር መፍትሔ እንዳልሆነ ብታስተምሩ ቃላችሁ ከእኛ ይልቅ ይሰማል።

በመጨረሻም፣ ልዩ ተሰጥኦ የሚገኘው ልብሱ በጸዳ፣ አፉ በፈታ ልጅ ዘንድ ብቻ አይደለም። ዓይነ ስውር የሆነው፣ ከብት የሚጠብቀው፣ የሰው ቤት የምታገለግለው ልጅ ዘንድም አለ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ የራሳችንን ሕፃናት እንዳናቃልል እንጠንቀቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን «ረባሽ» ወይም «ሰነፍ» ከተባሉ ሕፃናት መካከል ትምህርቱ ስለ ቀለለው የሰለቸው ይኖር ይሆን? እንዴት እናውቃለን?

2. የኔታ ስለ አንድ ሕፃን የሚያውቁትን ነገር ለመንግሥት ትምህርት ቤት የምናደርስበት መንገድ አለን?

3. ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገርነው መቼ ነው? ለክስ ነው ወይስ ለእገዛ?

4. በቅንነት አድርገነው ሕፃንን የጎዳንበት ጊዜ ነበር? ተመልሰን ይቅርታ ጠይቀናል?

ሕፃናትን ወደ እርሱ እንዲመጡ የፈቀደ አምላካችን፣ በየአጥቢያችን ያኖራቸውን ልጆች የምናይበትን ዓይን፣ የምናሳድግበትንም ትዕግሥት ይስጠን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።